ቴስቱ ሲወድቅ ቃሉን ስሙት፦ የዌብ አፕሊኬሽን አውቶሜትድ ቴስት ችግርን ደረጃ በደረጃ መፈለግ

ደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቢሮ ስንገባ መጀመሪያ ሻይ፣ ከዚያ ኪቦርድ ነው። አንድ ቀን እንደዚሁ ሻይ ይዘን ሳለ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ስክሪኗን ወደ እኔ አዞረች። «ጋሼ፣ ቴስቱ ሁለቴ ወደቀ፤ ሦስተኛው ላይ ግን አለፈልኝ። ኮዱን ልላከው?» አለችኝ። «ላኪው» አልኳት።

አፕሊኬሽናችን የቢራ ገብስ የሚያስረክቡ ገበሬዎችን ይመዘግባል። መጋዘን ላይ ያለችው ሠራተኛ የገበሬውን ስም ትመርጣለች፣ ኩንታሉን ትጽፋለች፣ «መዝግብ» የሚለውን ትጫናለች፤ ደረሰኝ ይወጣል። አውቶሜትድ ቴስት ማለት ብራውዘር ከፍቶ እንደ ሰው እየጻፈና እየተጫነ አፕሊኬሽኑን የሚፈትሽ ኮድ ነው፤ የእኛም ቴስት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዴ መዝግቦ ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ደረሰኝ መኖሩን ያያል። አልፎ አልፎ ግን ሁለት ያገኝና ይወድቃል። እኛ «ወላዋይ ቴስት ነው» ብለን አለፍነው።

ብዙም ሳይቆይ ኔትወርክ በሚያስቸግርበት አንድ መጋዘን የአንድ አባት 12 ኩንታል 24 ሆኖ ተመዘገበ። ሠራተኛዋ የተጫነችው አንዴ ብቻ ነበር። የሰርቨሩ መልስ ሲዘገይ አፕሊኬሽኑ ራሱ ጥያቄውን ደግሞ ይልክ ነበር፤ ሰርቨሩም ሁለቱንም ይቀበላል። ገንዘቡ ሳይከፈል ስህተቱ ተያዘ። ግን ሽማግሌው «ልጆቼ፣ እኔ ያመጣሁት 12 ነው» እያሉ ግማሽ ቀን መቆማቸውን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። ቴስቱ አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ሦስት ጊዜ ጠይቀን የምንፈልገውን መልስ ስናገኝ ዝም ያሰኘነው እኛ ነን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የወደቀ ቴስትን እንደ ምስክር ነው የማየው። ቃሉ ሳይሰማ አይሰናበትም። ከታች ያለው ያንን ቃል የምሰማበት ቅደም ተከተል ነው። ቴስቱን ለመጻፍ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች ሴሌኒየምም ብትጠቀሙ፣ ፕሌይራይትም፣ ሳይፕረስም፣ አካሄዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ደግማችሁ ከማስኬዳችሁ በፊት ማስረጃውን ያዙ

እጃችሁ ወዲያው «ድገም» ወደሚለው እንዳይሄድ። መጀመሪያ አራት ነገር ሰብስቡ፦ የስህተቱን ሙሉ መልእክት፣ ቴስቱ የወደቀበትን ቅጽበት ስክሪንሾት፣ የብራውዘሩን ኮንሶል ሎግ (ብራውዘሩ ስለ ስህተቶቹ የሚጽፈውን መዝገብ)፣ እና በዚያች ደቂቃ የሰርቨሩን ሎግ። ቴስቱ የተጀመረበትን ሰዓትም ጻፉ። ሰዓቱ ምን ያደርጋል እንዳትሉ፤ ደረጃ 6 ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ፕሌይራይት የምትጠቀሙ ከሆነ ትሬስ የሚባለውን አብሩ። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ገጹ ምን ይመስል እንደነበር፣ ወደ ሰርቨር ምን እንደሄደና ምን እንደተመለሰ አንድ ላይ ያስቀምጥላችኋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ሰው ትሬሱን «መጀመሪያ ሲደገም ቅዳ» በሚለው ምርጫ ይተወዋል። ያ ምርጫ የሚቀዳው ድጋሚውን ነው። ድጋሚው ካለፈ እጃችሁ ላይ ያለው ያለፈው ሙከራ ቅጂ ነው፤ የወደቀው የለም። ለወላዋይ ቴስት «ሲወድቅ አስቀምጥ» የሚለው ይሻላል። ዲስክ ይበላል፤ ይብላ።

ደረጃ 2፦ መልእክቱን ከመጀመሪያው ቀይ መስመር አንብቡ

አንድ ቴስት ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ተከትለውት 10 ሌሎች ይወድቃሉ። ከታች ያለውን የመጨረሻውን አትያዙ። በሰዓት ቀድሞ የወደቀውን ፈልጉ። ሎጊን የሚያደርገው ቴስት ከወደቀ የቀሩት ሁሉ የእሱ ጥላ ናቸው።

መልእክቶቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ብቻ የሚዘልላቸው አለ። ደጋግመው የሚመጡት ግን ጥቂት ናቸው።

«ኖ ሰች ኤለመንት» ማለት የፈለጋችሁት ኤለመንት፣ ማለትም በተን፣ ሳጥን ወይም ጽሑፍ፣ ገጹ ላይ የለም ማለት ነው። ወይ ገና አልመጣም፣ ወይ አድራሻው ተቀይሯል፣ ወይ ሌላ ገጽ ላይ ናችሁ። ስክሪንሾቱ ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ ስከፍተው የማገኘው የሎጊን ገጹን ነው።

«ስቴል ኤለመንት ሪፈረንስ» በሴሌኒየም የሚመጣ ነው። በተኑን አግኝታችሁ ይዛችኋል፤ ከመጫናችሁ በፊት ገጹ ራሱን እንደ አዲስ ሣለ። የያዛችሁት የፈረሰ ቤት ቁጥር ነው። መፍትሔው ኤለመንቱን አስቀድሞ አለመያዝ፣ በምትጫኑበት ሰዓት እንደ አዲስ መፈለግ ነው።

«ኤለመንት ክሊክ ኢንተርሴፕትድ» ደግሞ በተኑ አለ፤ ግን ላዩ ላይ ሌላ ነገር ተኝቶበታል ማለት ነው። የሚሽከረከረው የመጠበቂያ ምልክት፣ ብቅ ያለ ማስታወቂያ፣ ወይም ገጹ ሲወርድ አብሮ የሚወርድ ራስጌ ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋ «ፎርስ» ብሎ በግድ መጫን የሚቻልበት መንገድ አለ። አታድርጉት። መጋዘን ያለችው ሠራተኛ በግድ የምትጫንበት መንገድ የላትም። እሷ መጫን ካልቻለች ቴስቱም መጫን የለበትም።

«ታይምአውት» ከሁሉም አሳሳች ነው። ጊዜ አለቀ ይላል እንጂ ለምን እንዳለቀ አይናገርም። ስለዚህ ጊዜውን ከማስረዘማችሁ በፊት ምን ሲጠበቅ እንደነበር ተመልከቱ። 500 የሚል ስህተት የመለሰ ሰርቨር 30 ሰከንድም 3 ደቂቃም ብትጠብቁት ገጹን አያመጣም።

ደረጃ 3፦ ሆን ብላችሁ ጣሉት

እንደገና ማስኬድ የሚፈቀደው አሁን ነው። ዓላማው ግን ይለያል፤ እንዲያልፍ አይደለም፣ እንዲወድቅ ነው። አንዱን ቴስት ብቻውን 30 ጊዜ አስኬዱትና ስንት ጊዜ እንደወደቀ ቁጠሩ። ፕሌይራይት ለዚህ «ሪፒት ኢች» የሚባል ትእዛዝ አለው። በሌሎቹ በቀላል ሉፕ ይሠራል።

ለምን 30? ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ10 አንዴ የሚወድቅ ቴስት 10 ጊዜ ተከታትሎ የማለፍ ዕድሉ 35 በመቶ ገደማ ነው። 10 ጊዜ አልፎ «ዳነ» ያላችሁት ምንም ሳትነኩት ሊሆን ይችላል። 30 ጊዜ ተከታትሎ የማለፍ ዕድሉ ግን 4 በመቶ ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ማመን ይቻላል።

ይኸው ሒሳብ ወላዋይነት ለምን ቡድን እንደሚያደክምም ያሳያል። 200 ቴስት አላችሁ እንበል። እያንዳንዱ ከ100 አንዴ ብቻ ያለ ምክንያት ይወድቃል። ሁሉም በአንድ ዙር አረንጓዴ የመሆን ዕድላቸው 13 በመቶ ገደማ ነው። ሰው በየቀኑ ቀይ ሲያይ ቀዩን ማየት ያቆማል። እኛም ያንን ደረሰኝ ያለፍነው እንዲህ ለምደን ነው።

ላፕቶፓችሁ ላይ አልወድቅ ካለ ሁኔታውን አክብዱበት። በብራውዘሩ የማበልጸጊያ መሣሪያ ውስጥ ኔትወርኩን ማዘግየት፣ ሲፒዩውንም ማዳከም ይቻላል። እኛ ድርብ ደረሰኙን ደግመን ያየነው በዚህ መንገድ ነው። የሰርቨሩን መልስ ሆን ብለን 12 ሰከንድ ስናዘገየው ከ30 ሙከራ 30ውም ሁለት ሁለት ደረሰኝ አወጣ። ሁልጊዜ የሚወድቅ ቴስት በረከት ነው፤ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ብቻውን እና ከሌሎቹ ጋር

ቴስቱ ብቻውን ሲሮጥ አልፎ ከሌሎቹ ጋር ሲሮጥ ከወደቀ ጥርጣሬያችሁ ዳታው ላይ ይሁን። አንድ ሌላ ቴስት ዳታቤዙ ውስጥ የተወው ነገር አለ። ሁለት ቴስቶች አንድ ገበሬ ይጋራሉ፤ አንዱ ሲሰርዘው ሌላው ይፈልገዋል።

ጥፋተኛውን ለማግኘት ግማሽ በግማሽ ክፈሉ። ከሚወድቀው ቴስት በፊት 64 ቴስቶች ይሮጣሉ እንበል። መጀመሪያ 32ቱን ብቻ ከእሱ ጋር አስኬዱ። ወደቀ? ከ32ቱ 16ቱን ውሰዱ። አልወደቀም? ወደ ሌሎቹ 32 ሂዱ። በ6 ዙር አንዱ ላይ ትደርሳላችሁ።

ዘላቂው መድኃኒት እያንዳንዱ ቴስት የራሱን ገበሬ፣ የራሱን መጋዘን፣ የራሱን ደረሰኝ ራሱ ፈጥሮ እንዲጀምር ማድረግ ነው። ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሰው የራሱን ይዞ ይምጣ፤ ከሌላው ሞሰብ አይጠብቅ። ሲጨርስ ማጽዳት ጥሩ ነው፤ ግን በማጽዳት ላይ ብቻ አትደገፉ። መሐል ላይ የወደቀ ቴስት ሳያጸዳ ሊወጣ ይችላል።

እዚህ ላይ በዘፈቀደ የሚፈጠር ዳታም ይመርመር። እኛ ዘንድ የስልክ ቁጥር የሚፈጥር አንድ ትንሽ ኮድ ነበር። አንዳንዴ በ09፣ አንዳንዴ በ07 የሚጀምር ቁጥር ይሰጣል። የመመዝገቢያው ፎርም ደግሞ ከ09 ሌላ አያውቅም ነበር። ቴስቱ በዘፈቀደ የሚወድቅ ይመስላል፤ 07 በደረሰው ቁጥር ብቻ ነበር የሚወድቀው። ዛሬ በ07 የሚጀምር ሲም የያዘ ገበሬ በየገበያው አለ። ስህተቱ የፎርሙ ነው፤ ቴስቱ ትክክል ነበር። በዘፈቀደ ዳታ የምትፈጥሩ ከሆነ የተፈጠረውን ዋጋ ሁልጊዜ ሎግ ላይ ጻፉት። አለበለዚያ ምስክሩ የተናገረውን የሚያስታውስ የለም።

ደረጃ 5፦ ጥበቃውን መርምሩ

እኔ ካየኋቸው ወላዋይ ቴስቶች አብዛኛዎቹ እዚህ ጋ ይወድቃሉ።

በጭጋግ ቀን ጣርማ በርን የሚያልፍ ሾፌር «10 ደቂቃ ቆሜ እነዳለሁ» አይልም። መንገዱ እስኪታየው ይቆማል። በ2 ደቂቃ ከታየው በ2 ደቂቃ ይሄዳል። በ10 ደቂቃ ካልታየው አይሄድም። «ስሊፕ 5 ሰከንድ» ብሎ የሚጽፍ ቴስት ግን ጭጋጉን ሳያይ ሰዓቱን ብቻ አይቶ የሚነዳ ሾፌር ነው። ኔትወርኩ ፈጣን በሆነ ቀን 4 ሰከንዱን በከንቱ ያቃጥላል። በደከመ ቀን ገደል ይገባል።

ስለዚህ ኮዳችሁ ውስጥ ያለውን ስሊፕ ሁሉ ፈልጋችሁ አውጡ። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እዚህ ጋ የምንጠብቀው ምንድን ነው? መልሱ በጭራሽ «5 ሰከንድ» አይደለም። «የደረሰኙ ቁጥር እስኪታይ» ነው፤ «መዝግብ የሚለው በተን እስኪበራ» (ለመጫን እስኪፈቀድ) ነው፤ ወይም «የምዝገባው ጥያቄ መልስ እስኪመጣ» ነው። ያንን መልስ ኮዱ ውስጥ ጻፉት።

በሴሌኒየም ይህ «ኤክስፕሊሲት ዌይት» ይባላል። «ኢምፕሊሲት ዌይት» የሚባል ሌላም አለ፤ እሱ ካልነካችሁት 0 ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ። አንዱ በሌላው ላይ ይደራረብና የጥበቃው ጊዜ የማይገመት ይሆናል። የሴሌኒየም መመሪያም ይህንኑ ያስጠነቅቃል።

ፕሌይራይት አንድን በተን ከመጫኑ በፊት መታየቱን፣ መንቀሳቀስ ማቆሙን፣ መብራቱንና ሌላ ነገር እንዳልሸፈነው ራሱ ያያል። ውጤት ሲያረጋግጥም ካልቀየራችሁት እስከ 5 ሰከንድ ድረስ ደጋግሞ ያያል፤ ለጠቅላላው ቴስት ደግሞ 30 ሰከንድ ይሰጣል። ሳይፕረስ ለአንድ ትእዛዝ 4 ሰከንድ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ማወቅ ጥቅም አለው። ቴስታችሁ ሁልጊዜ በ5ኛው ሰከንድ የሚሞት ከሆነ ማን እንደገደለው ታውቃላችሁ።

አንድ ስውር ነገር ልጨምር። በተኑ ይታያል፣ በርቷል፣ ማንም አልሸፈነውም፤ ቴስቱ ይጫነዋል፤ ምንም አይሆንም። ይህ የሚመጣው ሰርቨሩ ገጹን ሠርቶ ሲልክና ጃቫስክሪፕቱ ከኋላ ሲደርስ ነው። በተኑ መጣ፤ ከበተኑ ጋር የተያያዘው ሥራ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። መብራቱ ያልገባለት ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው። እዚህ ቴስቱን በጥበቃ ማከም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። መሐል ሜዳ ላይ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው ይህንኑ በተን ይጫናል፣ ምንም አይመጣለትም፣ ተስፋ ይቆርጣል። ትክክለኛው መፍትሔ ጃቫስክሪፕቱ እስኪደርስ በተኑን አጥፍቶ ማቆየት ነው። ሰውም ይድናል፣ ቴስቱም ያለ ምንም ለውጥ ያልፋል።

ደረጃ 6፦ የራሳችን ጉዳዮች፦ ፊደል፣ ሰዓት፣ ቀን

ይህን ክፍል የውጭ መመሪያዎች ውስጥ አታገኙትም። በአማርኛ የሚሠራ አፕሊኬሽን ቴስት ላይ ግን ከፍተኛውን ጊዜ የሚበላው ይኸው ነው።

በአራት ነጥብ ልጀምር። አንድ ቴስት «ተመዝግቧል።» የሚል መልእክት ይጠብቃል። ወደቀ። መልእክቱ «የተጠበቀው፦ ተመዝግቧል። የተገኘው፦ ተመዝግቧል፡፡» ይላል። ልጅቷ ስክሪኑን በጣቷ እየነካች «አንድ ነው እኮ ጋሼ፤ ያው ነው» አለችኝ። ዓይን ያው ነው የሚለው። ኮምፒውተሩ ግን ፊደል ይቆጥራል። የመጀመሪያው 7 ነው፤ ስድስት ፊደልና አንድ አራት ነጥብ። ሁለተኛው 8 ነው፤ ስድስት ፊደልና ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ። አራት ነጥብ በዩኒኮድ 1362 ነው፤ ሁለት ነጥብ 1361። ዓይናችሁ ልዩነት ሳያይ ቴስቱ «ይለያያል» ካለ ርዝመታቸውን አወዳድሩ። ርዝመቱ እኩል ከሆነ የእያንዳንዱን ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር አውጡ። ሥራው 2 ደቂቃ ነው፤ ግማሽ ቀን ያድናል።

ቀጥሎ ሞክሼ ፊደላት አሉ። አንዱ ፕሮግራመር በተኑ ላይ «ሰርዝ» ይላል፤ ቴስቱን የጻፈው «ሠርዝ» ብሎ ይፈልጋል። «ሰዓት» እና «ሰአት»፣ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሥም» እና «ስም» እንዲሁ ናቸው። ለበተኖች መፍትሔው ቀላል ነው። ቴስቱ በጽሑፉ እንዳይፈልግ፤ ለቴስት ተብሎ በሚሰጥ የማይቀየር መለያ ይፈልግ። ጽሑፎቹም ሁሉ አንድ ፋይል ላይ ይቀመጡና ቴስቱም አፕሊኬሽኑም ከዚያ ያንብቡ።

የገበሬ ስም ፍለጋ ሲሆን ግን ቆም በሉ። ቴስቱ «ኃይሉ» ብሎ ይመዘግባል፤ «ሀይሉ» ብሎ ይፈልጋል፤ ምንም አያገኝም። ቴስቱን «አስተካክሎ» ሁለቱንም በአንድ ፊደል መጻፍ ይቀልላል። እኔ እንደዚያ አድርገን እናልፍ ሲባል አልፈቀድኩም። ጫጫ ከተማ ላይ አንዷ «ኃይሉ» ብላ የመዘገበቻቸውን ሰው ሸኖ ያለው ልጅ «ሃይሉ» ብሎ ይፈልጋቸዋል። ካላገኛቸው ሁለተኛ ይመዘግባቸዋል። እዚህ ጋ የወደቀው አፕሊኬሽኑ ነው። ፍለጋው ከመደረጉ በፊት ሐን፣ ኀን እና ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን እና ዓን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ኮድ ያስፈልጋል፤ ከየረድፋቸው ጋር። ለፍለጋ ብቻ ነው፤ የሰውየው ስም ራሳቸው እንደጻፉት ይቀመጥ።

አሁን ሰዓት። አንድ ቴስታችን ቀን ቀን ያልፋል፣ ሌሊት ይወድቃል። የሚያረጋግጠው ዛሬ የገባ ገብስ «የዛሬ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ነው። የወደቀባቸውን ሰዓቶች ስንጽፍ ሁሉም ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት መሐል ነበሩ። ሰርቨሩ የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እኛ ከእሱ 3 ሰዓት እንቀድማለን። እኛ ዘንድ እኩለ ሌሊት አልፎ ቀኑ ሲቀየር ሰርቨሩ ለ3 ሰዓት ትናንት ላይ ነው። የደረጃ 1 ሰዓት መጻፍ ለዚህ ነው። መፍትሔው ቴስቱም ሰርቨሩም የትኛውን የሰዓት ክልል እንደሚጠቀሙ በግልጽ መጻፍ ነው። ፕሌይራይት ላይ የብራውዘሩን የሰዓት ክልል ወደ አዲስ አበባ ማድረግ ይቻላል። ፎርም ላይ ሰዓት የምታስሞሉ ከሆነ ደግሞ «3 ሰዓት» ጠዋት ምን ማለት እንደሆነ ቴስቱ ውስጥ ይታይ። ለመጋዘን ሠራተኛዋ የጠዋት 3 ሰዓት ማለት ኮምፒውተሩ ላይ በአዲስ አበባ የሰዓት ክልል 9 ነው።

ቀኑ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ 6 ቀን ጠዋት ስንገባ ከክፍያ ጋር የተያያዙ ቴስቶች ሁሉ ቀይ ነበሩ። ማንም ኮድ አልነካም። ክፍያው «ከአንድ ወር በኋላ» ስለሚል ኮዱ ወሩ ላይ 1 ይደምራል፤ ቀኑን እንዳለ ይተወዋል። ነሐሴ 5 ላይ ጳጉሜን 5 ሆነ፤ ደህና። ነሐሴ 6 ላይ ጳጉሜን 6 ሆነ። በ2017 ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ናት። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ 2011 እና 2015 እንደዚያ ነበሩ፤ ቀጣዩ 2019 ነው። ስለዚህ ቀን የሚነካ ቴስት ሁሉ በዛሬው ቀን ብቻ አይሩጥ። ሰዓቱን አስቁሙና ነሐሴ 30ን፣ ጳጉሜን 5ን፣ ጳጉሜን 6ን፣ መስከረም 1ን ስጡት። ፕሌይራይትም ሳይፕረስም የብራውዘሩን ሰዓት የሚያቆም መሣሪያ አላቸው። የሚያቆሙት ግን የብራውዘሩን ብቻ ነው፤ የሰርቨሩ ሰዓት መሄዱን ይቀጥላል። ሰርቨሩም ቀኑን ከውጭ እንዲቀበል ለቴስት የሚሆን መንገድ አብጁለት።

በአጭሩ አንድ ሌላም፦ ማረጋገጫ በኤስኤምኤስ የምትልኩ ከሆነ በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል፤ በአማርኛ 70 ብቻ ነው። «አንድ መልእክት ተላከ» የሚለው ቴስት ረጅም ስም ሲገባ ቢወድቅ አትገረሙ።

ደረጃ 7፦ «እኔ ጋ ይሠራል» ሲባል

ላፕቶፕ ላይ አልፎ ሲአይ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ኮድ ሲላክ ቴስቶቹን ራሱ በሚያስኬደው ማሽን ላይ፣ የሚወድቅ ከሆነ ሁለቱን አወዳድሩ። የብራውዘሩን ቨርዥን፣ የመስኮቱን ስፋት፣ ፎንቱን፣ ሚሞሪውን እዩ።

የመስኮት ስፋት ብዙ ያሳስታል። ፕሌይራይት ካልቀየራችሁት በ1280 በ720 ይከፍታል፤ ሳይፕረስ በ1000 በ660። ጠበብ ሲል ሜኑው ይታጠፍና የምትፈልጉት በተን ይደበቃል። ስፋቱን ኮዱ ውስጥ ጻፉት፤ ለማሽኑ አትተዉት።

ዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ለብቻው ለይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ክሮም መሐል ላይ ድንገት የሚሞት ከሆነ የጋራ ሚሞሪውን እዩ። ዶከር በልማድ የሚሰጠው 64 ሜጋባይት ነው፤ ለክሮም አይበቃም። ጨምሩለት።

ስክሪንሾቱ ላይ በአማርኛው ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ካያችሁ ማሽኑ ላይ የግዕዝ ፎንት የለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ዶከር ምስሉ ውስጥ ጫኑ። መልክ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሳጥኖቹ ስፋት ከፊደሎቹ ስለሚለይ በተኖች ይገፋፋሉ፣ ምስል የሚያወዳድሩ ቴስቶችም ሁሉ ይወድቃሉ። የማነጻጸሪያ ምስሎቹንም ላፕቶፕ ላይ አታንሱ፤ ቴስቱ በሚሮጥበት በዚያው ዶከር ውስጥ አንሱ።

ሴሌኒየም ላይ ብራውዘሩ ጭራሽ አልከፈት ካለ የድራይቨሩና (ሴሌኒየም ብራውዘሩን የሚያዝበት ፕሮግራም) የክሮሙ ቨርዥን አልተስማሙ ይሆናል። ከ4.6 ጀምሮ ሴሌኒየም ድራይቨሩን ራሱ ፈልጎ ያመጣል፤ የድሮ ፋይል የትም ቦታ ቀርቶ እንዳይቀድመው ብቻ አጥፉት።

ደረጃ 8፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ከዚያ ቁጠሩ

ሲጨንቃችሁ ጥበቃውንም፣ ሎካተሩንም (ኤለመንቱ የሚፈለግበትን አድራሻ)፣ ዳታውንም በአንዴ አትቀይሩ። ቢያልፍ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። አንዱን ቀይሩ፤ 30 ጊዜ አስኬዱ። ካልረዳ መልሱት፤ ወደ ቀጣዩ ሂዱ።

ሲድን ደግሞ ተቃራኒውን አረጋግጡ። ያስተካከላችሁትን ኮድ ለጊዜው አውጡና ቴስቱ መልሶ መውደቁን እዩ። ካልወደቀ ያዳናችሁት እናንተ አይደላችሁም።

አንዳንዴ ጊዜ አይኖርም፤ ሥራው ዛሬ መውጣት አለበት። በዚህ ጊዜ ቴስቱን ለይታችሁ አቆዩት፤ ግን ሦስት ነገር ጻፉበት፦ ለምን እንደተለየ፣ ማን እንደሚመለከተው፣ እስከ ስንት ቀን ድረስ። እኛ ዘንድ ጊዜው ካለፈ ሲአይ ሰርቨሩ ራሱ ቀይ ያደርገዋል። ገንዘብ፣ ደረሰኝ ወይም የሰው ስም የሚነካ ቴስት ከሆነ ግን አንለየውም። ሥራው ይቆያል እንጂ።

የደረሰኙን ችግር የፈታነው እያንዳንዱ ምዝገባ የራሱ ልዩ ቁጥር ይዞ እንዲሄድ በማድረግ ነው። አፕሊኬሽኑ ቢደግመውም ሰርቨሩ ያንን ቁጥር ሁለተኛ ሲያይ አዲስ ደረሰኝ አያወጣም፤ የመጀመሪያውን ይመልሳል። ቴስቱን ልጅቷ እንደ አዲስ ጻፈችው። የሰርቨሩን መልስ 12 ሰከንድ ያዘገያል፣ 12 ኩንታል ይመዘግባል፣ አንድ ደረሰኝ ይፈልጋል። ስሙን «መልስ ቢዘገይም አንድ ደረሰኝ» አለችው። አሁን ማንም ሰው ኮድ ሲልክ መጀመሪያ የሚሮጠው እሱ ነው።